ሊበን የደበቀው ቃል

ታሪኬን ዛሬ ለምትጀምሩ፣ እኔ ኮኪ ነኝ፤ ኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ የእትዬ አበበች ሆቴል ልጅ። ባለፈው የተለያየነው እናቴ ፊት ቆሜ «እኔ የምወደው ሊበንን ነው» ያልኩ ጊዜ ነበር። እናቴ አልጮኸችም። ጭልፋውን አስቀመጠች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ «እስከ እሑድ ላስብበት» አለች። እሑድ ደግሞ ሊያገባኝ የጠየቀው የመክብብ ሽማግሌዎች መልስ ሊወስዱ የሚመጡበት ቀን ነው። እሺ ካለቻቸው ከፋሲካ በኋላ ሠርግ፣ ከሠርጉ በኋላ እሱ ወደሚወስደኝ ሀዋሳ።

እናቴ ካረፈች ዓመት አልሞላትም። ለቅሶ የደረሱ ሰዎች ስለ ደግነቷ ብዙ አወሩልኝ። እኔ ግን ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣብኝ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ቪዲዮ ቤት ከፊት ተቀምጣ፣ ቴሌቪዥን ውስጥ ያለ ብረት ስትቆጣ ነው። ስለዚህ ከዚያው ልቀጥል።

የሊበንን ቪዲዮ ቤት ከሆቴላችን ማድ ቤት የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነበር። የኢትዮጵያ ሚሊኒየም በተከበረበት ዓመት፣ ከመስከረም ጀምሮ፣ በየቅዳሜው ከሰዓት ሁለት ሁለት ክፍል የሚታይ የጃፓን የሥዕል ፊልም ጀመረ። እናቴ የመጀመሪያው ቀን «ይሄ ጩኸት ደንበኛ አባረረብኝ» ብላ ልትጣላ ገባች። ስትመለስ ወጡ አርሮ ጠበቃት። ድስቱን እንኳን አላየችውም።

«ማነው ያቺን ልጅ እዚያ ብረት ውስጥ የከተታት?» አለችኝ።

ተከታታዩ ቤት የሚያህል ብረት ውስጥ ገብተው ስለሚዋጉ ልጆች ነው። የራሱ ስም ነበረው፤ እኛ ግን «ብረቶቹ» ነበር የምንለው። ለብረቶቹም ስም ያወጣላቸው የሄሉ ሰፈሩ የከብት ደላላ ጎልቻ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን «ቦራ» አለው፤ ግራጫውን «ዳለቻ» አለው። ከዚያ ወዲያ የጃፓን ስማቸውን የሚያስታውስ ሰው ሞያሌ ውስጥ አልነበረም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ገደል ላይ የተሠራች፣ በግንብ የታጠረች ከተማ አለች። ከግንቡ በታች ሜዳ አለ። ከተማዋን የምትጠብቅ አንዲት አዛዥ አለች፤ ልጇ ቦራን ትነዳለች። የሜዳው ልጅ ዳለቻን ይነዳል። ሁለቱ መጀመሪያ ይዋጋሉ፣ ኋላ ይዋደዳሉ። ሃያ ስድስት ክፍል ነው፤ ከዚያ ሁለት ፊልም ተከትሎታል።

በኛ አገር ቪዲዮ ቤት ደግሞ ፊልም ብቻውን አይታይም፤ አስተርጓሚ አለው። ሊበን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቀጭን ዱላ ይዞ ይቆማል። ጃፓንኛውን ማንም አያውቀውም። እሱ ከስር የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በዓይኑ እየለቀመ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ ይለዋል፤ ቀልድ ሲመጣ በስዋሂሊ ይደግመዋል። ለአዛዧ ወፍራም ድምፅ፣ ለልጅቷ ቀጭን፣ ለዳለቻ ነጂ ደግሞ የራሱን ድምፅ ይሰጣል። ሊበን የዳበል መንደር ልጅ ነው፤ ማዶ፣ ኢትዮጵያ በኩል፣ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሯል። አባቱ ያኔም ዛሬም ከብት ያረባሉ። እናቴ ስለ እሱ ስትናገር «እንደሱ ያለ ተርጓሚ የለም» ትልና ወዲያው «ክርስትና ያልተነሳ፣ ሥራው ቪዲዮ ማጫወት» ብላ ትጨምራለች።

እኔ የተማርኩት ኬንያ ትምህርት ቤት ስለሆነ እንግሊዝኛውን አነባለሁ። ለዚህ ነው የመጨረሻው ክፍል የታየ ቀን የሆነውን እኔ ብቻ ያወቅኩት። ጠላት ግንቡ ሥር ደርሷል። ልጅቷ ከነቦራ ውጭ ቀርታ በሩን ትደበድባለች። አዛዧ «ዝጉት» ብላ ታዛለች፤ በሩ ይዘጋል። ሊበን ግን ቤቱን ዞር ብሎ አየና ዱላውን ዝቅ አደረገ።

«በሩ ተበላሸ» አለ። «አዛዧ ክፈቱ እያለች ነው፤ ብረቱ እምቢ አለ።»

እናቴ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። በማግስቱ ሲዲ ልዋስ ሄጄ በማሸጊያው ወረቀት ጀርባ «ለምን?» ብዬ ጽፌ መለስኩለት። መልሱ በዚያው ወረቀት ላይ መጣ።

«ኮኪ፣ እናትሽ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ‹ክፈቺላት፣ ክፈቺላት› ይሉ ነበር። እናት በልጇ ላይ በር ዘጋች ብዬ እንዴት ልንገራቸው? አፌ እምቢ አለኝ። ከፈለግሽ ንገሪብኝ።»

አልነገርኩበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የሲዲ ማሸጊያ ባዶውን መልሼ አላውቅም።

እናቴም አዛዧን እንደ እህቷ ያዘቻት። እኔና ጎልቻ ስንከራከር ጣልቃ ትገባለች። «ትቆጣለች፣ ታዛለች፤ ልጇን የሚጎዳ ነገር ግን አታደርግም» ትላለች። ስለ ሊበን የነገርኳት ቀን እንኳን ከ«እስከ እሑድ ላስብበት» ቀጥሎ ከአፏ የወጣው «እኔም እንደ አዛዧ ነኝ፤ ለጥቅምሽ ነው» የሚል ነበር።

ናይሮቢ በኬንያው ምርጫ ሰበብ ስትታመስ ሲዲ የሚያመጣልን የጭነት መኪና ስለቆመ ሁለተኛውን ፊልም ሁለት ወር ጠበቅነው። የደረሰው የካቲት መጨረሻ፣ ከዚያች እሑድ በፊት በዋለችው ቅዳሜ ነው።

*

ቅዳሜ ከሰዓት ቪዲዮ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ቆርቆሮው በፀሐይ ይንጣጣል። ጎልቻ እናቴ ጎን ተቀምጦ ገና ፊልሙ ሳይጀመር ነገር ጀመራት።

«ማማ ኮኪ፣ ዛሬ ዳለቻ ቦራን ይጥላታል። ትከሻውን አላየሽም?»

«አፍህን ያዝ። ቦራን የሚጥል ገና አልተሠራም።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት በሬ የሸጥኩ ሰው ነኝ።»

«ስንቱ አንካሳ እንደነበር እኔ አውቃለሁ።»

ቤቱ ሳቀ። ሳቁ ሳይበርድ መክብብ ገባ። መክብብ ሁለት የጭነት መኪና ያለው፣ ኮሌጅ የተማረ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ክፉ ቃል የማይወጣው ሰው ነው። ብጠላው ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። እናቴ ጎልቻን ገፋ አድርጋ አጠገቧ አስቀመጠችው። «እስቲ የምንወደውን ነገር እይልን» አለችው።

ሊበን አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። ዓይኑን ወዲያው መለሰ፤ እኔ ግን ነገ እሑድ መሆኑን እሱም እየቆጠረ እንደዋለ ገባኝ።

ፊልሙ ተጀመረ። መጀመሪያ፣ ከመዋደዳቸው በፊት የነበረውን ውጊያ ሲያሳይ፣ ጎልቻ ተሸነፈ፤ ቦራ ዳለቻን አንገቱን ይዛ ገደል ስትሰደው እናቴ ተነስታ አጨበጨበች። ዓመታት ያልፋሉ። ሞተች የተባለችው ልጅ ሜዳው ላይ ከዳለቻ ነጂ ጋር ትኖራለች። አንድ ቀን ወደ ግንቡ ትመጣለች። አዛዧ አርጅታ፣ ፀጉሯ ሸብቶ፣ ከግንቡ ላይ ሆና ታያታለች። ሙዚቃው ጠፋ። አዛዧ አፏን ከፈተች፤ ጽሑፉ ከስር መጣ።

የሊበን ዱላ ቆመ። የሚለውን ጠበቅን።

«‹ልጄ… በሩ ያኔ ስለተበላሸ ይቅር በይኝ› ትላታለች» አለ።

«በር ከተበላሸ የሷ ጥፋት ምንድነው?» አለ ጎልቻ። «አናጺው ነው እንጂ ይቅርታ የሚጠይቅ።»

ሁሉም ሳቀ። መክብብም ሳቀ፤ ከዚያ እየሳቀ ወደ እናቴ ጠጋ አለ። «እትዬ አበበች፣ ኧረ እንደዚያ አይልም።»

«ምን ይላል ታዲያ?»

«‹በሩን ያስዘጋሁት እኔ ነኝ› ነው የሚለው።»

ሳቁ ሳያልቅ ተቋረጠ። እናቴ ሊበንን ቀና ብላ አየችው። ሊበን ዱላውን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ታነቢያለሽ። ምን ይላል?»

መክብብ ተሳስቷል ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ እኔን የሚያስተባብል ሰው ደግሞ መክብብ ብቻ ነው፤ እሱም ለጨዋነቱ ዝም ይል ነበር። ሊበንን አየሁት። ራሱን በቀስታ ወደ ታች ነቀነቀ። ንገሪያቸው ማለቱ ነው። እዚያ ሁሉ ሰው መካከል እንደዚያ ደፋር ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«እሷ ናት ያስዘጋችው፣ እማ» አልኩ። «በመጨረሻው ክፍልም እሷ ነበረች።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

እናቴ ነጠላዋን ከወገቧ ፈታች። «ሦስት ወር ሙሉ» አለች። «ለዚያች ሴት ሦስት ወር ሙሉ ጠበቃ ሆኜ ስቆም ዝም ብላችሁ ታዩኝ ነበር።» ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «ዓይኔ እያየ የሚዋሸኝ፣ ባላየሁበት ልጄን ምን ይላታል? መክብብ፣ ነገ ሽማግሌዎቹ በሰዓታቸው ይምጡ። መልሴ ተገኝቷል።»

ወጣች። ሊበን ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ጎልቻ «ሳያልቅ?» ብሎ ሊጀምር አለና ፊታችንን አይቶ ተወው። እኔ ሊበን አጠገብ ማለፍ ነበረብኝ። ሳልፍ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሲተወው አየሁ፤ ከማንኛውም ደብዳቤ በላይ ያ ዱላ ልቤን ሰበረው።

*

እሑድ ጠዋት እናቴ ኬላውን ተሻግራ፣ ማዶ ካለው ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ አስቀድሳ ተመለሰች። እኔ ለእንግዶቹ ሽንኩርት እከትፍ ነበር። ዓይኔ ቢቀላ ሰበብ አለኝ ብዬ ሥራውን ለምኜ ነው የወሰድኩት። በቆርቆሮው ቀዳዳ ሳይ ሊበን ሆቴሉ በር ላይ ቆሟል። ሸሚዙን አጥቦ ሳይደርቅ ነው የለበሰው፤ ትከሻው ላይ እርጥብ ነበር።

«እትዬ፣ ልለምንዎት አይደለም የመጣሁት» አላት።

«ታዲያ ምን ቀረህ?»

«ፊልሙን ሳይጨርሱ ነው የወጡት። ልጨርስልዎት ነው። ከበሩ ጀምሬ፣ የተጻፈውን፣ እንደተጻፈው። ከዚያ ቢሰድቡኝም ቢያባርሩኝም እሺ ነው።»

«ሽማግሌ ሊመጣብኝ ነው እኮ፣ አንተ ሰው።»

«ይምጡ። እነሱም ይዩ።»

እናቴ ወደ ውስጥ ገባች። ደንበኛ የማይቀመጥበትን ወንበር ሁለት ጊዜ ጠረገችው። ከዚያ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

«ልጅቷ ግን» አለች፣ «በመጨረሻ ትገባለች?»

«አልነግርዎትም።»

ከንፈሯ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ሲያመልጣት አየሁ፤ ወዲያው መልሳ ያዘችው። እኔ ቢላውን አስቀመጥኩ። ከትናንት ጀምሮ የመጀመሪያዋን ሙሉ ትንፋሽ ያኔ ተነፈስኩ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው፣ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ትልቁ ጋሽ ሀይሌ ናቸው፤ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ቃላቸው ከማዶም ከዚህም የሚከበር ሰው። መክብብ ከኋላቸው ነው። እናቴ እንደወጉ ጎንበስ ብላ ተቀበለቻቸው።

«አባቶቼ፣ ላስቀይማችሁ ብዬ አይደለም። ከመልሱ በፊት አንድ የምጨርሰው ነገር አለ። እዚሁ ጎረቤት ነው። አብራችሁኝ ብትቀመጡ ደስ ይለኛል።»

ጋሽ ሀይሌ ማኅበር ወይም ጸሎት መስሏቸው «መልካም ነው» አሉ። ቪዲዮ ቤት ገብተው ብረቶቹን ባዩ ጊዜ ፊታቸው ምን እንደመሰለ እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ስታወራው ትስቅ ነበር።

ወሬው እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ ጎልቻ ቀድሞን ተቀምጧል። ሊበን ጀነሬተሩን አስነሳ። ፊልሙን ወደ በሩ መለሰው፤ ግን ወደ አዲሱ ፊልም በር አይደለም፤ መጀመሪያ የተከታታዩን የመጨረሻ ክፍል አደረገ። ዱላውን አልያዘም።

«ጠላት ደርሷል» አለ። «ወታደሩ ‹ልጅዎ ውጭ ናት› ይላታል። አዛዧ ‹አውቃለሁ፤ ዝጉት› ትላለች።»

እናቴ ወደ መክብብ ዞረች። «ትክክል ነው?»

«ትክክል ነው፣ እትዬ።»

«ከተማ ሙሉ ሕዝብ አለ እኮ» አሉ ጋሽ ሀይሌ፣ ሳያስቡት። «አዛዥ ናት። ምን ታድርግ?»

«እኔ ደግሞ ከሆዷ የወጣች ልጅ አለቻት ነው የምለው» አለ ጎልቻ።

«አንተ ማነህ?»

«ለቦራ ስም ያወጣሁ ነኝ።»

«ዝም በሉ» አለች እናቴ።

ሊበን ሲዲውን ቀየረ። አዛዧ አርጅታ ግንቡ ላይ መጣች። ልጅቷ ከታች ናት። ሊበን የድምፅ ለውጥ አላደረገም፤ ወፍራምም ቀጭንም የለም፤ በራሱ ድምፅ ብቻ ነበር የሚናገረው።

«‹በሩን ያስዘጋሁት እኔ ነኝ› ትላታለች።»

«ትክክል ነው» አለ መክብብ።

«ልጅቷ ትጠይቃታለች፦ ‹ያን ቀን ስጠራሽ ይሰማሽ ነበር?›»

«ትክክል ነው።»

ሊበን ጽሑፉን አየ። ጽሑፉ አለፈ፤ ሪሞቱን ይዞ መለሰው፤ አሁንም አለፈ፤ አሁንም መለሰው። ሦስተኛ ጊዜ ላይ ወደ እናቴ ዞሮ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ አለው።

«‹ይሰማኝ ነበር። ድምፅሽን ለይቼ ነው ያስዘጋሁት።›»

እናቴ መክብብን አልጠየቀችም። መክብብ ግን ራሱ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ «ትክክል ነው፣ እትዬ» አለ።

ቀሪው አጭር ነው። ልጅቷ አትገባም። ይቅር ብዬሻለሁም፣ አልልሽምም ሳትል ሜዳው ላይ ቆማ ትቀራለች። በሩ ከውስጥ ይከፈታል። አዛዧ ብረት ሳትለብስ፣ ወታደር ሳይከተላት፣ በእግሯ ትወጣለች። ፊልሙ እየሄደች ሳለ ነው የሚያልቀው፤ ትድረስ አትድረስ አያሳይም።

ጀነሬተሩ ብቻ ይጮሃል። ሊበን ወጥቶ አጠፋውና ተመለሰ።

«ለምን ዋሸኸኝ?» አለችው እናቴ።

«መጀመሪያ ለርስዎ አዝኜ ነው። ኋላ ግን ኮኪን ወደድኳት። ያኔ እውነቱን ብናገር የማፈርሰውን ነገር ፈራሁ።»

«አዘንክልኝ» አለች እናቴ፤ ሳቅ አይሉት ልቅሶ የሆነ ነገር ከአፏ ወጣ። «ያደረግከኝን ታውቃለህ? አንተ እሷን ደግ ስታደርጋት እኔም ደግ የሆንኩ መሰለኝ። ይቺ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ማድ ቤት ገብታ ስታለቅስ ነበር። እኔ እዚያው ከበሩ ወዲህ እንጀራ አቀርባለሁ።» ዞራ እኔን አየችኝ። «ይሰማኝ ነበር፣ ኮኪዬ። እየሰማሁ ነው ዝም ያልኩሽ።»

ይህን ስትል እናቴ በሕይወቷ ለማንም አንገቷን ያልደፋች ሴት፣ እዚያ ሁሉ ወንድ ፊት አንገቷን ደፋች። ሄጄ እግሯ ሥር ቁጭ አልኩ። እጇ ሽንኩርት የሚሸተውን ፀጉሬን አገኘው።

ጋሽ ሀይሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ታዲያ፣ አበበች፣ የኛስ መልስ?»

«አባቶቼ፣ እኔን እንዳከበራችሁ እግዜር ያክብራችሁ። መክብብ የኔ ልጅ ሆኖ ቢወለድ ደስ ባለኝ። ልጄን ግን አልሰጠውም። እሷ እንቢ ካለች ሰንብታለች፤ ዘግይቼ የሰማሁት እኔ ነኝ።»

ሁላችንም መክብብን አየን። መክብብ የሸሚዙን እጅጌ አስተካከለ።

«እኔም የምናገረው አለኝ፣ እትዬ። ትናንት ያንን ጽሑፍ ያነበብኩት ለእውነት ብዬ አልነበረም። ፊልሙን ትቼ የኮኪን ፊት ነበር የማየው። እሱ በተናገረ ቁጥር ይበራል። ቀናሁ።» ወደ ሊበን ዞረ። «ያን የመጨረሻውን ቃል ግን እኔ ብሆን እደብቀው ነበር። አልደበቅክም። ይብቃኝ።»

እጁን ዘረጋለት። ሊበን የተዘረጋውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። ጋሽ ሀይሌ ወደ ጎናቸው ዘንበል ብለው አንደኛውን ሽማግሌ «አዛዧ ግን አልተሳሳተችም» ሲሉት ሰማሁ።

«አንተ ደግሞ ደስ አይበልህ» አለችው እናቴ ሊበንን። ድምፅዋ ወደ ድሮው ተመልሷል። «አባትህ ዳበል አይደሉም? ሽማግሌ ይላኩ፣ በወጉ። የክርስትናውንም ነገር ከቄሱ ጋር ቁጭ ብለህ ትነጋገራለህ። እኔ ያልኩህ አንኳኳ ነው፤ ግባ አላልኩህም።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«ሽማግሌ ካስፈለገ እኔ አለሁ» አለ ጎልቻ።

«እሱ ከመጣማ እንደ በሬ የኮኪን አፍ ከፍቶ ጥርሷን ነው የሚያየው» አለች እናቴ።

ቪዲዮ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ሀይሌ ሳይቀሩ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሊበን ለእናቴ ምንም ነገር አላለሰለሰላትም። ከዓመታት በኋላ፣ ሐኪሙ የእናቴን የምርመራ ወረቀት ይዞ በእንግሊዝኛ ሲያወራ፣ እናቴ ወደ እኔ አልዞረችም። ወደ ሊበን ነው የዞረችው። እንደተባለው ነገራት። እጇን ዘርግታ ጉንጩን ዳሰሰችው። እኔ ብሆን አልችለውም ነበር፤ እሷም ታውቃለች።

ያን እሑድ ግን ሞት የሚባል ነገር በአጠገባችን አላለፈም። እናቴ ሽማግሌዎቹን «መልሱ እንቢ ቢሆንም ምሳው እሺ ነው» ብላ ወደ ሆቴሉ እየነዳች ወሰደቻቸው። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«ኮኪ፣ ከማዶው ሱቅ ለእንግዶቹ አንድ ሳጥን ለስላሳ አምጪ።» ከዚያ ማንንም ሳታይ፣ «ሊበን ያግዝሽ» አለች።

ሱቁ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ፀሐይዋ ቀጥ ብላለች፤ ከአዲስ አበባ በኩል የመጡ ሾፌሮች መኪናቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ያዩናል፤ ወተት የሚሸጡት ሴቶች ያዩናል። ለወራት በወረቀት ጀርባ የተጻጻፍን ሰዎች በቀን ብርሃን ጎን ለጎን ስንሄድ አንድ ቃል ጠፋን።

ሳጥኑን በግራና በቀኝ ያዝነው። ጠርሙሶቹ ይንሿሿሉ። መንገዱ መሃል ስንደርስ ሊበን ወደ መሬት እያየ ሳቅ አለ።

«ምን ያስቅሃል?»

«ይሄን ሳጥን እኮ አንድ ሰው ይችለዋል።»

«አውቃለሁ።»

«እናትሽም ያውቃሉ?»

«ሃያ ዓመት ሆቴል የያዘች ሴት ናት፤ አታውቅም ብለህ ነው?»

ጆሮው ድረስ ቀላ። እኔም ፊቴ ሲሞቀኝ ተሰማኝ፤ ግን አልሸሸግኩትም። ከሆቴሉ የእናቴ ድምፅ ለስላሳው የት ደረሰ እያለ ይጣራል። እኛም አንድ ሰው የሚችለውን ሳጥን ለሁለት ይዘን፣ ቶሎ እንዳንደርስ ቀስ እያልን ሄድን።